ወደብ ሆቴል፣ ጅማ

ባርኔጣው ለጅቡቲ ነበር የተገዛው፤
ሰፊ፣ ጠርዙ ነጭ፣ ጥላው የሚበዛው።
ከሱ ጋር ነጭ ሱሪ፣ ጠቆር ያለ መነጽር፣
በሦስት ዙር ዕቁብ የከፈልኩት ብር።
ቲኬቱ ተወደደ፤ መቅደላዊት ቀረች፤
“ሲደላን እናየዋለን ባሕሩን” አለች።
ዕረፍቴ አራት ቀን፤ ሻንጣዬ ተዘግቷል፤
ልብሴ ባሕር ባያይ፣ ባሕር ለብሶ ወጥቷል።

ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ፣ በወሊሶ፣ በወልቂጤ፣
ባርኔጣዬን ታቅፌ፣ ብቸኛውን ጌጤ፤
የጊቤን ቁልቁለት ስንወርደው ሞቀኝ፤
“ወደብም እንዲህ ነው” ብዬ ተጽናናሁኝ።

ጅማ ስደርስ ዝናብ፤ አጂፕ ጋ ወረድኩኝ፤
ባጃጅ ነጂው ሲራጅ ከላይ እስከ ታች ዐየኝ፦
“እትዬ፣ ሠርግ ነው ወይስ ፊልም ልትሠሪ?”
“ዕረፍት ነው” አልኩት፤ ረጠበ ነጩ ሱሪ።
“እንግዲያው አንድ ቤት አለ፣ ላንቺ የተሠራ፤
መርከብ ሳይኖረው ‘ወደብ’ ተብሎ የተጠራ።”

ግድግዳው ሰማያዊ፣ ቀለሙ የፈጠጠ፤
በሩ ላይ መልሕቅ፣ ከአሮጌ መኪና ዘንግ የተቀጠቀጠ።
ባለቤቱ ጋሽ ተማም፣ የጥንት ባሕረኛ፣
ጸጉራቸው ጨው የመሰለ፣ እጃቸው ሠራተኛ፤
ክፍል አይሉም እሳቸው፤ “ካቢን ሦስት” አሉኝ፤
ቁልፉን በሁለት እጅ እንደ ማዕረግ ሰጡኝ።
“እራት አሥራ ሁለት ተኩል፣ መርከቧ ላይ ነው።”
“መርከቧ” ያሉት በረንዳውን ነው።

በማግስቱ፣ ወግ ነውና፣ ከተማ ጎበኘሁ፤
ጅሬን ወጣሁና የእንጨቱን ሰገነት ዐየሁ፤
ከዚያ ላይ ሆነው ቁልቁል ጅማን ሲያይዋት ሲያይ
ቆርቆሮው ብልጭ ይላል፣ እንደ ዓሣ በፀሐይ።
ገበያ ወረድኩ፤ ባለ ሦስት እግር በርጩማ
ካንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ የሚሉት “የጅማ”፤
ሻጩ “ተቀመጪበት፣ መቀመጥ በነጻ ነው” አለ፤
ተቀመጥኩ። ዘነበ። ባርኔጣዬ ሁለት ልጅ አስጠለለ።

ቦዬ ኩሬ ደግሞ ጉማሬ አለ ተባልኩ፤
ሁለት ሰዓት ቆሜ ሁለት ጆሮ ታዘብኩ።
ፎቶ አንሥቼ ለመቅደላዊት ላኩላት፤
“ሰርጓጅ መርከብ” ብዬ ከሥሩ ጻፍኩላት።

ማታ በናስ ፊሽካ እራት ተጠራ፤
እኔ፣ አንድ መድኃኒት ሻጭ፣ አንድ የመንገድ ሥራ
መሐንዲስ፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ።
“ዓሣው ከጊቤ ነው” አሉን፤ “ከባሕር ነው አልልም፤
ምናሌው ላይ ‘የዕለቱ’ እንጂ ‘የቀይ ባሕር’ አልጻፍኩም።”

መድኃኒት ሻጩ ጠየቀ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን፦
“ባሕሩ አይናፍቅዎትም?”
ሹካቸውን አስቀመጡ።
“ባሕሩ አይደለም። ባሕር ምን ይሆናል፣ ጨው ነው።
የሚናፍቀኝ ከመርከብ ስወርድ መሬቱ የሚወዛወዘው፤
ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ጎዳናው እግሬ ሥር ሲላጋ።
መጨረሻ የወረድኩ ዕለት፣ ሁላችን ስንበተን፣
መሬቱ አልተወዛወዘም። ቀጥ ብሎ ጠበቀኝ።
ይኸው እስከ ዛሬ ቀጥ እንዳለ ነው።”

ማንም አልተናገረ።
ዝናቡ ከጅሬን ተነሥቶ ቆርቆሮው ላይ መጣ፤
አንዴ ያጓራል፣ አንዴ ያፈገፍጋል፣
ሄደ ሲሉት ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።
ራውዳ፣ ሳህን የምታነሣው ልጅ፣ “ልሞክረው?” አለችኝ፤
ባርኔጣዬን ከሻሿ በላይ ደፍታ
በረንዳውን ተሻገረች፤ ሦስት ሳህን በአንድ እጇ፣
ወገቧ ወዲህ ወዲያ፣ አንድም ሳይወድቅባት።
ጋሽ ተማም ቀና ብለው አዩ።
“እንዲያ ነበር” አሉ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

እሑድ ጠዋት ሒሳብ፣ በካርቦን ወረቀት፦
ካቢን ሦስት፣ ሁለት ሌሊት፤ ዓሣ፣ አንድ እራት፤
ከታች በእርሳስ፦ “ባሕር የሚያይ መስኮት፣ መቶ ብር።”
መስኮቴ የሚያየው አዌቱን ነበር፤
ቡናማ፣ ጠባብ፣ ቢጫ ጀሪካን ያዘለ።
ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፣ በሳንቲም እከራከራለሁ።
ከፈልኩ።

ሲራጅ ሻንጣዬን ጫነና ራሴን ተመለከተ፤
“ባርኔጣሽስ?”
“ወደብ ቀረ።”
“ችግር የለም” አለ ሞተሩን እያስነሣ፣
“መርከብ ሲመጣ ይጭኑልሻል።”