የአንሶላው ጥግ

እንግዳ በፊት ለፊት ነው ሆቴሉን የሚያውቀው፣
በመብራቱ፣ በምንጣፉ፣ በር ከፋቹ ሲስቅለት።
እኔ በጓሮ በር ገባሁ፤
በአንሶላው ነው የማውቀው፣
ማን እንዳደረ፣ ማን እንዳልተኛ፣ ማን እንዳለቀሰ ሌሊት።

መጀመሪያ ስድስት ክፍል ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣
ከአዳማ ባቡር ጣቢያ ማዶ፣ ጃካራንዳው ጥላ ሥር።
ባለቤቱ ሙሴ ስታቭሮ
ሂሳቡን በግሪክኛ ይደምር፣
ስድቡን ግን በአማርኛም በኦሮምኛም ይመነዝር።

ሚስቱ በየአንሶላው ጥግ፣ በሰማያዊ ክር፣
አንዲት ፊደል ትጠልፍ ነበር።
ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ፊደል ገና ያልቆጠርኩ፣
ክንፏን ያጠፈች ወፍ መስላኝ
ውሃ እንዳይገባት በጣቴ ሸፍኜ አጠብኩ።

የጅቡቲ ባቡር ሲያፏጭ እንግዳ ይመጣል አቧራ ለብሶ፣
በማግስቱ ይሄዳል፣ ትራሱ ላይ ግማሽ በረሃ አፍስሶ።
የአዳማ ነፋስ ደሞዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ፣
አሥራ ሁለት አንሶላ በአንድ ሰዓት የሚያደርቅ፣
ሲሰለቸው ደግሞ ገመዱን በጥሶ
የሙሴን አልጋ ልብስ ሀዲዱ ላይ የሚያስተኛ።

ከዚያ አብዮት መጣ።
ሙሴ ስታቭሮ ቁልፎቹን ቆጥሮ፣ በሳህን አስረክቦ ወጣ።
ሚስቱ ክሯን ረሳች፣
ወይም ተወችው፤ አላውቅም።
ስሙ ተቀየረ፦ «የካቲት ሆቴል፣ ቁጥር ሁለት»፤
ቁጥር አንድ የት እንደነበረ ማንም ጠይቆ አያውቅም።
አንሶላው ጥግ ላይ ማኅተም መቱበት፤ ክብ፣ ወይን ጠጅ፣
ቢቀቅሉት የማይፈዝ፣
ለካድሬም ለሾፌርም እኩል የሚነጠፍ፣ እኩል የሚያረጅ።

አንድ ቀን ክፍል አምስት ያደረው ልጅ ጠዋት አልነበረም።
መጥተው ጠየቁኝ።
«እኔ አንሶላ እንጂ ሰው አላውቅም» አልኩ።
አንሶላው ግን አልተጨማደደም ነበር፤
ቁጭ ብሎ ነው ያነጋው።
ንጹሑን አንሶላ ደግሜ አጠብኩ።

ያ ሁሉ ፈርሶ ዛሬ አሥራ አንድ ፎቅ ነው፤ መስታወት።
«ግራንድ ሮባ» ይላል ማታ በቀይ፣ አንዱ ፊደል ጠፍቶበት።
ሰባተኛው ላይ ገንዳ አለ፣ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ፤
ሊፍቱ በሦስት ቋንቋ ያናግራል፣
«ደህና አደርሽ?» ግን እስከዛሬ አላለ።
ከሰኞ እስከ ዓርብ ስብሰባ፣ ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ መልስ፤
ተሰብሳቢውን በእስክሪብቶው አውቀዋለሁ፣
አንሶላው ላይ አበሉን ሲደምር ያደረ፣ ሲቀንስ።
የሙሽሮቹ ደግሞ ጽጌረዳ ነው መከራዬ፤
ቀለሙ አይለቅም።
ፍቅሩ ይለቅ እንደሆን እንጃ።

እጥበቱ ምድር ቤት ወረደ፤ መስኮት የለውም።
ማሽኑ አጥቦ አድርቆ ይሰጠኛል፣ እንደ ዳቦ የሞቀ፤
ሽታ ግን የለውም።
ነፋሱስ?
ነፋሱም ሥራ ቀየረ፤
ኮረብታው ላይ ነጭ ክንፍ ሰጥተውት
መብራት ኃይል ተቀጠረ።
አንዳንዴ ማሽኑ ሲጮህ ጆሮዬን እጥላለሁ፦
ያው እሱ ነው፣ በሽቦ ዞሮ እኔው ጋ የመጣ።

ባለፈው ወር ሎቢው ላይ የመስታወት ሣጥን አቆሙ።
«ታሪካችን» ይላል። የሙሴ ፎቶ፣ አንድ ቁልፍ፣ የከሰል ካውያ።
ከካውያው ሥር፦ «ተጠቃሚው ያልታወቀ»።
አነበብኩት፤
በየካቲት ዘመን፣ በማታ መሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ነው።
መዳፌን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ፤
የእጀታው ስንጥቅ እዚህ ነው፣ ከአውራ ጣቴ በታች፣
ጠባሳው እስካሁን አለ።
«እማ ሎሚ፣ አይነካም፤ አሻራ ይይዛል» አለኝ ሌንጂሳ፣ ጥበቃው።
«ይያዝ» አልኩት።

የዛሬ አንሶላ ጥጉ ባዶ ነው፤ በረዶ።
ከመቀነቴ አንድ ድውር አወጣሁ፣ ሰማያዊ፣
ከእርጅና ብዛት የሳሳ።
«ዓይንህ ደህና ነው፣ አይደል?
እስቲ ይቺን ክር መርፌው ውስጥ አስገባልኝ፣ ሌንጂሳ።»