ሰባተኛው ደረጃ

ያ ቢላዋ የገባው ከገላዋ አይደለም፤
ከጥቅል ጎመን ነው። ጎመን ደግሞ ደም የለው፣ ነፍስም የለም።
ያ የተሰበረው የሽማግሌው አንገት
ረጅም ካሮት ነው፣ የቀጨሁት በድንገት።
ደረጃውን ደግሞ ቀስ ብላ ስትወጣ
ያቺ ቆንጆ ልጅ፣ ሞት የደረሳት በዕጣ፣
ኮቴዋ የኔ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቄ፣
የሚስቴን ጥቁር ጫማ በእጆቼ አጥልቄ፣
ጣውላው ላይ ቋ… ቋ…
አንዷን ካዘገየሁ፣ አዳራሹ ሙሉ ትንፋሹን ዋጠ በቃ።

ዳይሬክተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤
ከረሜላ እያላመጠ፣ አይቆጣም፣ አይስቅም።
"ኦታዌይ" ይለኛል ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣
"ሰው የሚፈራ እንዳይመስልህ አይቶ፤
ሰምቶ ነው። በሩ ሳይከፈት በፊት ሰምቶ።
ደግሞም ከሰማው ይልቅ…" ብሎ ያቆማል፤
ሳይጨርስ ይሄዳል።
ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስሠራ
ያቺን ነገር አልጨረሳት፤ እኔም አልጠየቅሁ፤ ሥራ ነው፣ ሥራ።

ቤታችን ክሮይደን ነው፣ ከባቡሩ ሐዲድ አጠገብ፤
ሁለት ፎቅ ነው ለወጉ፣ ግን ጠባብ።
"ስንት ሴት ሞተች በጫማዬ?" ትላለች ሙሪየል፣
"አሥራ አንድ" እላለሁ፤ ሳቋ ከወጥ ቤት ይሰማኛል።
በኋላ መሳቁን ተወች።
በኋላ ጎመን ስቆርጥ ተነሥታ ትወጣለች።
በኋላ እራት ላይ፣ ዳቦ ስቆርስ ቅርፊቱን ሳዳምጥ፣
ታየኛለች ዝም ብላ፣ የጎረሰችውን ሳትውጥ።
"ፐርሲ" አለችኝ አንድ ማታ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣
"ኮቴዬን ታውቃለህ። እኔን ግን አታውቅ።"
እውነቷን ነው፤ ኮቴዋን ከሺህ መሐል እለያለሁ፤
ደስ ሲላት ተረከዟ ይቀድማል። ሲከፋት… እሱንም አውቅ ነበር፣ እላለሁ።

የመጨረሻው ፊልም፣ ኅዳር ላይ፣ ብርዱ ሲጠና፤
ሴትየዋ ትወርዳለች፤ ባሏ ተኝቷል ገና።
ጫማውን አጠለቅሁ። ስምንት ጊዜ አወረድኳት።
"ቀንስ" አለ። ቀነስኩላት።
"ቀንስ።" ተረከዙን በጨርቅ ጠቀለልኩት።
"አሁንም ቀንስ።" ትንፋሼን ራሱ ያዝኩት።
እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ከረሜላውን ዋጠ፣
"ሰኞ" አለ፤ ኮቱን ለብሶ አመለጠ።

ጫማውን እዚያው ትቼ በመጨረሻው ባቡር ገባሁ፤
ተኝታለች፣ ወይም መሰለኝ፤ ጎኗ ወድቄ አንቀላፋሁ።

እንቅልፌ የጆሮ ነው። አይጥ ብትዞር እሰማለሁ፤
ሦስት ቤት አልፎ የሚያስለውን ሰው በስሙ እለያለሁ።
ንጋት ላይ የቀሰቀሰኝ ግን አንዳች አልነበረም።
ትራሷ በርዷል። ሻንጣዋ ከቁም ሣጥኑ ላይ የለም።
አሥራ ሦስት ደረጃ ነው፤ ሰባተኛው ይጮሃል፣
ድመት እንኳ ሲረግጠው መንደሩ ይሰማል።
ዘለለችው።
ባዶ እግሯን፣ ሌላውን ጫማዋን በእጇ እንደያዘችው።
በእጇ! ልክ እንደኔ።
ከማን ተማረችው? ከኔ።

ሰኞ ስቱዲዮ ገባሁ። ቴፑ መሽከርከር ጀመረ፤
ጫማውን ጣውላው ላይ አቆምኩት፤ እጄ ጭኔ ላይ ቀረ።
በልቤ አሥራ ሦስት ቆጠርኩ፣ ሰባትን ዘልዬ።
ዳይሬክተሩ መጥቶ፣ ሳይናገር፣ መዳፌን ገለጥ አድርጎ፣
ከረሜላ አኖረበት። ሄደ፣ በሩን ዘግቶ።

በመክፈቻው ምሽት፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት
ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች፤ ምንም ከማይሰማበት።

ጫማው አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ተረከዙን አሳደስኩት።
አንዳንድ ማታ፣ መብራት አጥፍቼ፣ በእጄ አጠለቅሁት፤
ከታች ጀምሬ አወጣታለሁ፣ አንድ… ሁለት… እንደገና፣
ተረከዟ እየቀደመ፣ ደስ ብሏት መጥታለችና፤
ሰባተኛው ላይ ይጮሃል።
ከዚያ ወዲያ እጄ እምቢ ይላል።