በጠርሙስ ክዳን

ከራስ መኮንን ድልድይ እልፍ ብሎ ካለው ጥግ
ሸክላ ዘርግተዋል ወይዘሮ የሻረግ።
ትልልቁን አልፌ፣ ድስት ምድጃውን ትቼ
አንዲቷን መዘዝኩኝ በሁለት ጣት አንስቼ፤
ቡጢ የማታክል፣ አፏ ጠበብ ያለ፣
ጎኗ የሠሪዋን አውራ ጣት ያዘለ።

ሳቁብኝ፦
«ምን ልትይዝልሽ ነው? የስንት ሰው ሽሮ?
ጉንዳን ጋብዘሻል ወይ በዚህ ኑሮ?»
«ለተክል ናት» አልኳቸው።
«እንግዲያው» አሉና በአፏ ደፏት፣
በምስማር ፈልፍለው ከሥሯ በሷት፤
«ውሃ መውጫ ካጣ ሥር ይበሰብሳል።»
ሠላሳ ብር ጨመሩ፣ የቀዳዳ ብለው፤
ከፈልኩ። ባዶውም ለካ ዋጋ አለው።

ሁለተኛዋ የቻይና፣ የድመት ፊት ያላት፣
ከቸርችል ሱቅ መስኮት ስታፈጥ ያገኘኋት፤
አንድ ጆሮዋ ተሸርፎ በግማሽ ዋጋ ሸጧት።

ሦስተኛዋን አልገዛሁም። ቁም ሳጥን ውስጥ ነበረች፦
ጡረታ ስወጣ ቴሌ የሸለመኝ ኩባያ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት «መስመር ላይ ይጠብቁ» ስል የኖርኩበት።
እጀታው ረግፏል፤ በወርቅ ቀለም ከተጻፈው
አጥቤ አጥቤ «ለረጅም» ብቻ ቀርቷል።
ለረጅም ምን? እንጃ።

ተክሎቹን ያመጣው ሚሊዮን ነው፣ ባለጋሪው፣
ጢሙ ገና ያልመጣ፣ ምክሩ ግን ቀድሞ የደረሰ፦
«እማማ፣ በጠርሙስ ክዳን፣ በሁለት ሳምንት አንዴ፤
ከዚያ ካለፉ ግን ይሞትብዎታል፣ እንዴ!»

ዝም አልኩት።
አምና ሦስቱን ገድያለሁ፣ በዚሁ እጄ፣
ጠዋት አጠጥቼ፣ ማታ አጠጥቼ።
ቅጠላቸው እንደ ረጠበ ወረቀት ሲላላ
«ጠምቶት ነው» ብዬ ጨመርኩበት።

ጋዜጣ አነጠፍኩ። በሻይ ማንኪያ አፈር፣
በሻይ ማንኪያ አሸዋ፣ ከሥር ቀይ አሽ
ታች ከሚሠራው ሕንፃ።
ዘበኛው አይቶኛል፤
አንድ ኪስ ቀይ አሽ የወሰደች አሮጊት
ምን ብሎ ይክሰሳት?

አስናቀች፣ ጎረቤቴ፣ በሩን ሳትዘልቅ
«እሬት መቃብር ላይ እንጂ ቤት ይተከላል?» አለች።
«እሬት አይደለችም፣ ዘመዷ ናት» አልኳት።
«ዘመድም ያው ነው።»
ግን ጎንበስ ብላ የድመቷን ጆሮ ነካች።

እኛ ዘንድ፣ ፖስታ ቤት ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ቧንቧው የሚያስነጥሰው ማክሰኞ ሌሊት ነው።
ከቧንቧው ጀሪካን፣ ከጀሪካኑ ባልዲ፣
ከባልዲው ጣሳ፣ ከጣሳው ፊቴ።
ፀሐይም በብድር ናት፤
ከፊት ለፊት ካለው የባንክ መስታወት ላይ
ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ትመጣለች፣
ያለ ወለድ።

ሳያት ሳያት፣ ይቺ ተክል ሰፈሬን ታውቃለች።
ወፍራሟ ቅጠል ጀሪካን አይደለች?
መጣ ሲሏት ሞልታ፣
ሄደ ሲሏት ክዳኗን አጥብቃ፣
«ይጠብቁ» የሚላት ኦፕሬተር ሳይኖር
ትጠብቃለች።

ትናንት መስኮቱን ስወለውል
ከድመቷ አገጭ ሥር የወደቀች ቅጠል አገኘሁ፤
ልጥላት አነሳኋት።
ከተቆረጠችበት ጫፍ፣ አፈር ሳትነካ፣
ውሃ ሳላሳያት፣
በልጅነቴ አጥራችን ሥር እንደነበረው እንዳሁላ
ክር የመሰለ ሥር አውጥታለች፣
በክሩ ላይ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታህል
አረንጓዴ ነገር፣ የተጨበጠች።

መዳፌ ላይ ይዣት ቆምኩ።
ጠርሙሱን አነሳሁ፤ ክዳኑን ፈታሁ፤
መልሼ ገጠምኩት።

ዛሬ ድልድዩ ጋ ሄድኩ።
«ከያኔዋ ያነሰች አለችዎት?»
ወይዘሮ የሻረግ ከላይ እስከ ታች አዩኝና
ምስማራቸውን ከመቀነታቸው እየፈቱ
«ምነው» አሉ፣ «ጉንዳኑ ወለደ?»