ቢያዝኑለት አይሞትም

አኑጻ ስም አላወጣችለትም። ስም ካለው አሳማ ጋር
ቢላ አይስማማም ይላሉ፣ ሩማንያ፣ ኢዛ ወንዝ ዳር።
እንዲሁ ባጭሩ "አንተ!" ነበር የምትለው፣ "አንተ!"
ባሏንም እንዲያ ነበር የጠራችው፣ እስከሞተ።

በመጋቢት ከገበያ በጆንያ አዝላ ያመጣችው፣
ከጫማ የማይበልጥ ነበር፤ ምድጃው ሥር ያስተኛችው፣
ሌሊት ሌሊት እየተነሣች በጡጦ ያጠባችው።
ልጇ ጣልያን አገር ሄዶ የሰው ግድግዳ ይለስናል፤
በግቢው ትንፋሽ ያላቸው እሷና እሱ ብቻ ሆነዋል።
ባልዲ ይዛ ስትመጣ፣ ከሩቅ ዳናዋን ለይቶ፣
ያወራታል፣ የፊት እግሩን አጥሩ ላይ ሰቅሎ፣ አፉን ከፍቶ።
አጓት፣ የረገፈ ፕሪም፣ የድንች ልጣጭ
እየበላ ያያታል፤ ዓይኑ የሰው ነው፤ ሽፋሽፍቱ ነጭ።

የገና ጾም ሊፈታ አምስት ቀን ሲቀረው፣
ኢግናት ይሉታል ዕለቱን፤ አሳማ የሚታረድበት ነው።
በዋዜማው፣ ይላሉ፣ አሳማ ሕልም ያያል፤
ቀይ ጨሌ ባንገቱ ታስሮ፣ ሠርገኛ መስሎ ይታያል።
አኑጻም አላሸለበችም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት
ከጋጣው ሲያቃስት ሰማች፤ "ጨሌውን አሰሩለት፣"
አለች።

ሕጉ ደግሞ ይህ ነው፦
ቢያዝኑለት አይሞትም። ከቆሙት መሃል አንድ
ሆዱ የባባ ካለ፣ ነፍሱ መውጫ መንገድ
ታጣለች፤ ያጓራል፣ ቢላው ይዶለዱማል፣
ደሙን እያንጠባጠበ ግቢውን ሦስቴ ይዞራል።
ስለዚህ ጋቭሪላ፣ ጎረቤቷ፣ ስለቱን እየሳለ፣
"አንቺ ራቂ ከዚህ፤ ፊትሽ አላማረኝም፣" አለ።

ሄደች። ከግቢው ማዶ፣ ፕሪሙ ዛፍ ሥር ቆማ
ዞር ብትል፣ ኀዘኑ ተከትሏት መጥቷል፣ ኮቴ ሳያሰማ።
ምን ታድርግ? ሳይጨነቅ፣ ነፍሱ ቶሎ እንድትወጣ፣
ክፉ ሥራውን ትቆጥር ጀመር፤ ጥላቻ ከየት ይምጣ?

"ሰኔ ላይ ጥቅል ጎመኔን ነቅለህ፣ ገልብጠህ፣ ረግጠህ፤
አንድ። ይህን ጣቴን፣ ይኸው ጠባሳው፣ ነክሰህ፤
ሁለት። ባሌ የተወልኝን ቦቲ፣ ግራውን፣ ከደጅ ወስደህ
ያኘክኸው አንተ፤ ሦስት። አራት፣ ሆዳም ነህ።
አምስት፣ ትሸታለህ።
ስድስት፣ ልጄ ሲደውል፣ ካጥሩ ወዲያ ጮኸህ፣
'ማን አለ እዚያ?' ቢለኝ 'ማንም' አልኩት። ያስዋሸኸኝ አንተ ነህ።
ሰባት..."

ስትል ጩኸቱ መጣ። አጭር ነበር።
ወንዙን እንኳ ሳይሻገር
ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲያ ጭዱ፣ እሳቱ፣ የተለበለበ ፀጉር ሽታ፤
ልጆች ጀርባው ላይ ወጥተው፣ እንደ ፈረስ፣ ለአንዳፍታ።
ጋቭሪላ እጁን በበረዶ እያሸ፦ "ሠላሳ ዓመት ሳርድ
እንዲህ ያለ አላየሁም፤ እንግዳ ተሰናብቶ እንደሚሄድ!
ጎበዝ፤ አላዘንሽለትም፣" አላት። አኑጻ ዝም አለች፤
ያጠፈቻቸውን ጣቶች አንድ በአንድ እየዘረጋች
ውሃ ልትጥድ ገባች።

ትኩሱ ሥጋ ሲንጫጫ፣ የፕሪም አረቄ ሲቀዳ፣
የረዳ ሁሉ ይበላል፣ መንገደኛም፣ እንግዳ።
ስሙም ተዝካር ነው፤ የአሳማው ተዝካር፤ ሟቹ ራሱ የደገሰው።
"ነፍስ ይማር" የሚል ግን ከገበታው የለም አንድ ሰው።
ጾሙ ገና አልተፈታም፤ ቄሱ በመስኮቱ ያልፋሉ፣
ሽታው ሲደርሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ያስላሉ።

አኑጻም በላች። ይጣፍጥ ነበር፤ እሱን ምን ትበል።
ለልጇም ደረቅ ቋሊማ፣ በአውቶቡስ፣ በካርቶን ታስራለች፤ ለመላክ እስኪመች ድረስ ጢስ ላይ ይሰቀል።

ማታ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ የጋጣው በር እንደተከፈተ፣
ባዶ ባልዲ ይዛ ቆማ፣
"ሰባት፣" አለች፣ "ስጠራህ ትመጣ ነበር፣ አንተ።"