የድፍድፍ ዘር

ስድስት ጠርሙስ መጣ በበረዶ ታጭቆ፣
አንዱ ከጀልባ ሆድ በማንኪያ ተፍቆ፣
አንዱ ከመረብ ላይ፣ አንዱ ከጭቃ ተዝቆ፣
አንዱ ከኢቢፉሮ ቀሚስ ከነጨርቁ ተቦጭቆ።

ኢቢፉሮ ከማንግሮቭ ሥር ቀንድ አውጣ ለቃሚ ናት፤
ቅርጫቷን ከማገር ከሰቀለች ስድስት ወሯ ነው።

ኩባንያው በማኅተም፣ «ከእኛ አይደለም» አለ።
መንደሩ በጩኸት፣ «ከማን ሊሆን?» አለ።
ዳኛው መነጽሩን አውልቆ እያበሰ፣
«ቤለማ ትጠይቀው፣ ዘይቱን ራሱን» አለ።

ዘይት አፍ የለውም። ዘር ግን አለው።
ሰው ሰባት ቤት ቆጥሮ ይደክመዋል፤
እኔ ፖርት ሃርኮርት፣ ጄኔሬተር በሚያጓራበት ክፍል፣
የጠብታን አያት ቅድመ አያት እቆጥራለሁ፣
ሰው ሳይፈጠር በፊት፣ ወንዙም ስም ሳይወጣለት።

በመርፌ አንድ ጠብታ ማሽኑን ሳጎርሰው፣
ከፀጉር በቀጠነ ቧንቧ ውስጥ ሲያስኬደው፣
ቀላሉ ይቀድማል፣ ከባዱ ያዘግማል፣
በስክሪኑ ጥቁር ላይ ተራራ ይተክላል።
ይኼ ሾጣጣው ሆፔን፦ የባክቴሪያ ገላ፣
ስንት ምድር ተጭኖት አጥንቱ ያልላላ።
ይኼ ከጎኑ ያለው ኦሊያኔን፦ የአበባ ዛፍ ቅሪት፣
ወንዝ ጠርጎ የወሰደው በአንድ የጥንት ሌሊት።
ቅጠሉ ረስቷል ቅጠል እንደ ነበረ፤
ሽታው ረስቷል፤ ቀለሙ ረስቷል፤
ኦሊያኔን አልረሳም።

ከቱቦው ናሙና ጋር አነባበርኳቸው፣
ጫፍ በጫፍ ገጠሙ፣ አንድ ናት እናታቸው።
ብቻዬን ሳቅሁ። ወንበሬን አሽከረከርኩ።
«የእናንተው ልጅ ነው» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

ከዚያ አራተኛው ጠርሙስ።

ዘሩ ያው ነው፤ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ሐረግ፤
ቀላሉ ግን የለም፣ ተኖ ሄዷል፤
በቦታው የጥላሸት ልጆች፣ ባለ አራት ባለ አምስት ቀለበት፣
ፀሐይ የማትሠራቸው፣ ማዕበል የማይወልዳቸው።
እሳት ያየ ዘይት ነው ይኼ።
በሌሊት ከቱቦው ተሰርቆ፣
እንደ አረቄ ድፍድፍ በበርሜል ተጥዶ፣
ናፍጣው በጄሪካን ሲሄድ
አተላው ወደ ውሃ የተደፋ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤
ዘይት እያደር ይጠቁራል፣
ስም ግን አይጠራም።

ወንድሜ ሶካሪ እሑድ ማታ መጣ።
ዓሣ አጥማጅ ነበረ፣ ዓሣ ሳለ።
በዚያ ወበቅ እጅጌው እስከ አንጓው ተቆልፏል፤
አንድ ቅንድቡ የለም።
ሩዝ አቀረብኩለት፣ በግራ እጁ በላ።

«ዘይቱ ተናገረ?»
«ተናገረ።»
«ስም ጠራ?»
«ስም አያውቅም። ዘሩንና ያለፈበትን ነው የሚያውቀው።»

ሳህኑን ገፋ አደረገ።
«ዓሣው መቼ እንደ ሄደስ አልነገረሽም?»

ለዚያ ማሽኑ ተራራ የለውም።

ሰኞ ስድስት መስመር ጽፌ ለዳኛው ላክሁ፤
አራተኛው ላይ ሁለት ጊዜ ሰረዝሁ፣
ሁለት ጊዜ መልሼ ያንኑ ጻፍሁ፦
እናቱ፣ የቱቦው ጉድጓድ። እሳት ነክቶታል።

ከሰዓት ኢቢፉሮ ደወለች።
ስለ ዘይቱ አልጠየቀችም፤
ከቀሚሷ የተቦጨቀው ጨርቅ
ይመለስ እንደሆነ እንጂ።