ንካኝ

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ደረጃውን ወርደህ፣
የአጥናፉ ሙዚቃ ቤት አለች፤ ጎንበስ ብለህ ገብተህ
ቀና ስትል ጣሪያው አናትህን ይገጫል፤
የካሴት ሽፋን ላይ ያለው ዘፋኝ በፀሐይ ብዛት ነጥቷል፣
ጢሙ ብቻ ቀርቷል።

ሁለት ዓመት ለፋሁበት።
ውብርስት ዘፈነች፤ እኔ ለዘፈኗ ቤት ሠራሁለት፤
ዐሥራ አንድ ዜማ፣ ዐሥራ አንድ ክፍል፣
በጣት የሚንኳኳ በር፣ ሲነኩት ገርበብ የሚል።
ቤዙን ብትነካው ዝም ይላል፣ ክራሩ ብቻውን ይቀራል፤
ስንኙን ብትነካው ገጣሚው የሰረዘው ቃል ይወጣል፤
ስልክህን ብትነቀንቅ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይወርዳል፤
ጥግ ጥጉ ላይ ደግሞ አንዲት ቢጫ ቁልፍ
«ንካኝ» እያለች ብልጭ ድርግም ትላለች።

አጥናፉ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ስንት ይከብዳል?» አለኝ፣ ስልኩን እንደ ሥጋ አንጠልጥሎ።
«አንድ ጊጋ ተኩል።»
«ልጄ፣ ይሄ እኮ የሰው የሳምንት ጥቅል!»

ፍላሽ ላይ ጫንነው። ከመስታወቱ ሥር ደረደርነው።
ባንክ ቤት የምትሠራ ልጅ ገዝታ በማግስቱ መለሰችው፦
«ቆንጆ ነው፤ ግን ዘፈኑ የት ነው?»
አንዱ ስልኩ ሞልቶበት፣ የልጁን የልደት ፎቶ ላጥፋ አላጥፋ ሲል
ቆሞ ቆሞ ሄደ።
አንድ ሽማግሌ በሙሉ ዋጋ ወሰደ፤
ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ፦ «ያለውን ታጠፋልኛለህ?
ስብከት ልጭንበት ነው፤ ዕቃው ጠንካራ ነው።»
በስድስተኛው ወር ስልኮቹ ራሳቸውን አደሱ፤
የውብርስት በሮች ከዚያ ወዲያ አልተከፈቱም።

ነሐሴ ነው፤ ማታ። ከአራዳ ታክሲ ያዝኩ፣
ከኋላ ወንበር፣ ጎማ ከታቀፈ ሰው ጋር ተጣብቄ ተቀመጥኩ።
ረዳቱ ቴፑን ነካ አደረገው፤ አንዴ፣ በቃ፣ ሒሳብ ወደ መቀበሉ ዞረ።
አራተኛው ዘፈን ነበረ።
ማን እንደ ፈለፈለው እንጃ፣ እንደ በቆሎ፣
ከቤቱ አውጥቶ፣ ከደጃፉ ነጥሎ፣
እርቃኑን ጭኖታል፤ ስሙ እንኳ «04» ነው።
ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል፤ የእኔ አይደለም፣ የሰማይ ነው።
ባለ ጎማው ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ
ከንፈሩ ከውብርስት ጋር ይሄዳል፤ እጁ ከጎማው አልተነሳም፣
አንድም ነገር አልነካም፤
ነክቶታል።

ጣቴ ጉም በለበሰው መስኮት ላይ ቢጫዋን ቁልፍ ይፈልጋል።
አራት ኪሎ አለፈ።
«ወራጅ» ማለት ነበረብኝ።