መልቀቂያ

ሙሰለም ከመዲናት ዛይድ አራት ማሰሪያ ሸምቶ
ምንጣፉ ላይ ዘረገፈው፣ ፌስታሉን ፈትቶ።
«ምረጥ» አለኝ ቆሞ፤
«ሰኞ እንወጣለን፤ ሸሃብ ይሮጣል ቀድሞ።»

ናይለኑን በመዳፌ ሳብ ለቀቅ አደረግኩት፤
ሰሉቂ ሲወነጨፍ እጅ የሚልጥ ነው፣ ተውኩት።
ሰንሰለቱ ሌሊት በረዶ ነው፣ ቀን ደግሞ ፍም፤
ኳኳታው ጥንቸሏን ይመክራታል፤ ለእኛ አይሆንም።
ሦስተኛው ሸምቀቆ፣ በጎተቱት ቁጥር የሚጠብቅ፤
እንዲህ ያለውን በሰው አውቀዋለሁ፤ ውሻ ላይ አላጠልቅ።
አራተኛው ቀይ ነው፣ ወርቅማ ዘለበት ያለበት፤
ለፎቶ ያምራል። ይሁን፣ ፎቶ ይነሱበት።

ሸሃብ በሩ ጥላ ሥር ተጋድሟል፤
የጎኑ አጥንት በሩቅ ይቆጠራል።
አንገቱ ከራሱ እኩል ነው፤ ተራ ማሰሪያ በጆሮው ሾልኮ ይወልቃል፤
እንዳይወልቅ ሲሉ አጠበቁበት፣
ማጅራቱ ላይ ይኸው፣ ጸጉር የለበት።

«አንዱም አይሆን» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ።
«እኔ እሰፋለሁ» ስል የገዛ አፌ አስደነገጠኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት ወስፌ ያልጨበጥኩ፣
ከቆዳ ሽታ ልርቅ ባሕር የተሻገርኩ፣
ቅጹ ላይ «የአባት ሥራ» ቢሉኝ
«ገበሬ» ብዬ የጻፍኩ፣ አንድ ጥማድ መሬት ሳይኖረኝ።

አባቴ ጓንጉል ፋቂ ነበር።
ደጃችን ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቆዳ፤
«እነዚያ» ነበርን እኛ፣ ከወንዙ ወዲያ ማዶ፣ ለአገሩ እንግዳ።
ኮርቻ ሲያሻቸው በጨለማ ይመጣሉ፤
ለሠርጉ ሲጠሩን በቅል ይሰጡናል፤
ጠጥተን ስንወጣ ቅሉን ይሰብሩታል።

አንድ ቀን ግን ቆዳ ሲልግ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ፣
«ማሰርማ ማንም ያስራል» አለ፣ ሳይቀና ከጎንበሱ፤
«ብልሃቱ ሲፈታ ነው። ሲፈታ ድምፅ ካሰማ
የሰፋው ሰው አልጨረሰም፤ ይተርትረው ሳያቅማማ።»

የግመል ቆዳ ከጉል ዘማን ሱቅ ገዛሁ፣ በዱቤ።
ስፋቱን ሦስት ጣት አደረግኩ፣ የሸሃብን ቁስል አስቤ።
ውስጡን በበግ ሌጦ ለበድኩት፤
ጠርዙን በጠርሙስ ስባሪ ፋቅኩት፤
ሞራ ባጣ በወይራ ዘይት አሸሁት።
አንዱ ጫፍ ከአንጓዬ ጋር የሚታሰር፤
በሌላው የነሐስ ቀለበት፣ በቀለበቱ የሚያልፍ ቀጭን ጠፍር፣
በሁለት ጣት ብቻ የሚያዝ።
ሦስት ሌሊት። ኤሲው ያጓራል፣ ውሾቹ በሕልማቸው ይሮጣሉ።
ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ ሦስት ጊዜ «ቀጭ» ሲል ሰማሁ፤
አባቴን ረገምኩ፤ ተርትሬ መልሼ ሰፋሁ።

ሰኞ ሲነጋጋ፣ በፈቃድ፣ በታጠረው ሜዳ፣ ጤዛ የነካው ቀይ አሸዋ ላይ፣
ሸሃብ ቀድሞ አየ። እኔ ምንም ሳላይ
ልቡ በጠፍሩ መጥቶ ክንዴ ውስጥ ደለቀ።
ጣቴን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። ለቀቀ።

አቧራ። ከአቧራው ወዲያ ሌላ አቧራ።
አንጓዬ ላይ ጠፍሩ ተንጠልጥሏል፣ የአንገቱ ሙቀት ሳይበርድ።

ሙሰለም አሸተተው፣ አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው።
«ማን አስተማረህ?»
«ገበሬ» የሚለው ቃል ከጥርሴ ድረስ መጣ።
«አባቴ» አልኩ። «ፋቂ ነበር።» በእነሱ ቋንቋ፦ «ደባግ።»
ከዚያ ጆሮዬን አቆምኩ፣ ቅሉ እስኪሰበር።
«እንደዚያ የሚባሉ ጎረቤቶች አሉን» አለ፣
«ሀብታሞች ናቸው፤ ያ ከነዳጅ ማደያው ጎን ያለው ፎቅ የእነሱ ነው።»
ሌላ የለም። ይኸው ነው።
«አምስት ስፋልኝ፤ ለወንድሜ፣ ለአማቼም። ከረመዳን በፊት።»

«እሺ» አልኩ።
መልቀቂያ ልጠይቀው የቆረጥኩት ለዚያው ቀን ነበር፤
ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ከወስፌው ጋር፣ ወስፌው በስቶታል።

ሸሃብ ተመለሰ፤ አፉ ባዶ፣ ምላሱ ረዝሞ፣
ሳልጠራው አንገቱን ሰጠኝ፣ ከፊቴ ቆሞ።
ጠፍሩን በቀለበቱ አሳለፍኩ።
በሁለት ጣት ብቻ ያዝኩት።